ገናችን ገና ነው

እኛ አሜሪካ ያለን ሐበሾች ዲሴምበር 25ን ለፈረንጆቹ ሠርተንላቸው ጃንዋሪ 7ን እረፍት የምንለምን ሰዎች ነን። በምሠራበት ሆስፒታል የበዓል ፈረቃ ሲወጣ በፈረንጅ ገና ላይ ስሜ ከሌለ አለቃዬ «አሞሻል እንዴ?» ትለኛለች። በ2017 ግን ሁለት ነገር ገጠመ። የልጆቼ ትምህርት ቤት የሚዘጋው በዚያ ሳምንት ብቻ ነው። እማዬም ከአዲስ አበባ ከመጣች ጀምሮ ሁለት ክረምት ሙሉ ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማ ውስጥ ተዘግታ በመስኮት በረዶ ስታይ ከርማለች። ባሕር ያየችው በሕይወቷ አንዴ ነው፤ ምጽዋ፣ ሳታገባ። ስለዚህ ለአራታችን የሰባት ሌሊት የመርከብ ጉዞ ቆረጥኩ፤ ከማያሚ ተነስቶ ጃማይካንና ሜክሲኮን ነክቶ የሚመለስ። ባለቤቴ «በዓል ሰሞን ድርብ ክፍያ ጥዬ የትም አልሄድም» ብሎ ቀረ።

ዋጋው ያስደነግጣል። ያው መርከብ በዚያው መንገድ በዲሴምበር መጀመሪያ ሳምንት በግማሽ ገደማ ዋጋ ይሸጥ ነበር፤ እኔ የቆረጥኩትም በመጋቢት ነው። በዚያ ላይ ለሠራተኞቹ የሚቆረጠው ቲፕ አለ፤ እንደየኩባንያው በሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ይደርስ ነበር፣ ልጅም እንደ አዋቂ ይቆጠራል። እማዬ ግሪን ካርድና የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው የያዘችው። ሜክሲኮ የአሜሪካ ግሪን ካርድ ላለው ሰው ቪዛ አትጠይቅም፤ የጃማይካውን ግን ደውዬ ካላረጋገጥኩ አልተኛሁም። የኛን ፓስፖርት የያዘ ሰው መርከቡ የሚቆምበትን አገር ሁሉ አንድ በአንድ ያጣራ።

ሁሉን አስቤ አንድ ነገር ብቻ ረሳሁ። የገና ጾም ኅዳር 15 ይገባል። እማዬን ይዤ የምገባው ሌት ተቀን ሥጋ የሚጠበስበት መርከብ ውስጥ ነው።

ሰዓቱን እንደ አገራችን አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ከእማዬ ጋር ስሆን ሌላ አይመጣልኝም።

ታኅሣሥ 13፣ እሁድ (ዲሴምበር 22)፣ ማያሚ

የበረርነው ቅዳሜ ነው። በበዓል ሰሞን መርከብ የሚይዝ ሰው በዋዜማው ቢደርስ ይሻለዋል፤ አውሮፕላን ቢዘገይ መርከቡ አይጠብቅም። ወደቡ በር ላይ ሻንጣዎቻችንን ለተሸካሚ ሰጥተን በእጃችን የያዝነው የእማዬን የደም ግፊት መድኃኒት፣ ወረቀቶቻችንንና የልጆቹን የዋና ልብስ ብቻ ነው። ይህን ያደረገ ሰው እኛን ያመሰግናል፤ ሻንጣ ክፍል የሚደርሰው ማታ ነውና።

ከመነሳታችን በፊት የአደጋ ጊዜ ልምምድ አለ። ሰባት አጭር፣ አንድ ረጅም ጡሩምባ ይነፋል፤ እያንዳንዱ ሰው በአደጋ ጊዜ የሚቆምበትን ቦታ ሄዶ ያያል። ለልጄ የቦታዋ ምልክት ያለበት አምባር እጇ ላይ አሰሩላት። እማዬ ድምፁን ስትሰማ አማተበች። «ገና ሳንነሳ ስለ መስጠም ያወራሉ?»

ክፍላችን ለአራት ሰው ጠባብ ናት። ሁለት አልጋ ከጣሪያው ይዘረጋል፤ ልጆቹ ለዚያ ብለው ተጣሉ። በረንዳ ስላላት ግን ተመስገን። 10 ሰዓት ተኩል ላይ መርከቡ ንቅንቅ ሲል እማዬ የበረንዳውን ብረት ይዛ የማያሚ ፎቆች ወደ ኋላ ሲሸሹ እያየች ዝም አለች። አላናገርኳትም።

ማታ የሦስታችን ሻንጣ ሲመጣ የእማዬ ቀረ። ስጠይቅ ወደ ታች ወደ ጥበቃ ክፍል ላኩን። እዚያ ሰልፍ አለ። አንዱ ካውያ ተይዞበታል፤ ሌላው በአፍ መጉመጥመጫ ጠርሙስ ውስጥ ውስኪ ሞልቶ። የእኛ ተራ ሲደርስ ጠባቂው የእማዬን ሻንጣ ከፍቶ ሁለት እስር ጧፍና አንድ ከረጢት እጣን አወጣ። መርከብ ላይ የሚነድ ነገር ክልክል ነው፤ ሻማም፣ እጣንም። የባሕር ሰው ከማዕበል ይልቅ እሳት ይፈራል።

«ይህ ምንድነው?» አለ እጣኑን አሽትቶ።

«ለቤተ ክርስቲያን ነው» አልኩት።

እንደገና አሸተተው። በላስቲክ አሽጎ ደረሰኝ ቆረጠልን፤ ስንወርድ እንወስዳለን። በሶዋን ከፍቶ አይቶ መለሰላት፣ ዳቦ ቆሎዋንም እንዳላየ አለፈ። እማዬ ግን ስለ ጧፉ ተቆጣች። ቅዳሜ ታኅሣሥ 19 ነው፤ ቁልቢ ገብርኤል። ባሕር ላይም ብትሆን ልታበራ ስለት ነበረባት።

ታኅሣሥ 14፣ ሰኞ፣ ባሕር ላይ

በገና ሰሞን መርከብ ማለት ልጅ ማለት ነው። መዋኛው አሥራ ሁለት ሰዓት ከጠዋቱ ጀምሮ ይሞላል፤ ወንበሩን ፎጣ ጥለው ይዘውት ሄደው ቁርስ የሚበሉ ሰዎች አሉ። ሊፍቱ አይመጣም። ቡፌው አፍ ላይ እጅ መታጠቢያ ጋ የቆመው ሠራተኛ ደግሞ እጅ ታጠቡ የሚል ዘፈን እየዘፈነ ሁሉንም ያስቃል። ልጆቼ ከዚያ በኋላ የታዩት ለምግብና ለእንቅልፍ ብቻ ነው።

ቡፌው ለጾመኛ ፈተና ነው። ሩዙ ቅቤ አለው፣ ሾርባው ክሬም፣ የአትክልቱ ሰሐን ላይ አይብ ተበትኗል። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ «ሥጋ የለውም?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ቪጋን» በሉ። ቪጋን ማለት የጾም ማለት ነው፤ በአንድ ቃል ከወተት፣ ከእንቁላልና ከቅቤ ያወጣችኋል። ማታ በመመገቢያ አዳራሹ ለአስተናጋጁ ኃላፊ ነገርኩት፤ የነገውን የምግብ ዝርዝር አምጥቶ እኔ ምልክት ያደረግሁበትን ለብቻ እንደሚያሠራላት ቃል ገባ፣ በየማታውም አደረገው። ምስር ወጥ የመሰለ የሕንድ ምስር መጣላት። ቀምሳ «በርበሬ ይጎድለዋል እንጂ ሰው የሠራው ነው» አለች። ከእማዬ አፍ ይህ ምስጋና ነው።

የከበደው ሰዓቱ ነው። እማዬ እስከ 9 ሰዓት አትቀምስም። የምሳው ቡፌ ደግሞ ልክ 9 ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ እራት 11 ሰዓት ተኩል ነው። ስለዚህ በየቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ እኔ በሰሐን ቀድቼ፣ በሌላ ሰሐን ደፍቼ፣ በሕዝብ መሐል እየተጋፋሁ ክፍል አደርሳለሁ። እሷ ዳዊቷን ደግማ ትጠብቀኛለች።

ክፍላችንን የሚያሰናዳው ልጅ ከፊሊፒንስ ነው። በየማታው ፎጣ አጥፎ ዝሆን፣ ዝንጀሮ፣ ዳክዬ ይሠራል፤ ልጄ ሁሉንም ስም አወጣችላቸው። ኮንትራቱ ስምንት ወር ነው። የአራት ዓመት ልጅ አለችው፤ ገናን ያለሷ ሲያሳልፍ ይህ ሦስተኛው ነው። ይህን ስተረጉምላት እማዬ ዳቦ ቆሎውን በሁለት እጇ ዝግን አርጋ ሰጠችው። ታላቅ እህቴ ቤይሩት ሰው ቤት ስትሠራ ገና የሚመጣው በስልክ ካርድ ነበር፤ ካርዱ እስኪያልቅ ማልቀስ፣ ከዚያ ቱ-ቱ-ቱ።

ታኅሣሥ 15፣ ማክሰኞ (ዲሴምበር 24)፣ ኦቾ ሪዮስ፣ ጃማይካ

ጠዋት ስንነቃ በረንዳችን ፊት ተራራ ቆሟል፤ አረንጓዴ፣ ጉም የለበሰ። «ወንዶ ገነት ነው የሚመስለው» አለች እማዬ። ልጆቹ ደንስ ሪቨር የሚባለውን ፏፏቴ መውጣት ፈልገው ነበር። ወደ 180 ሜትር ይረዝማል፤ ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ በውሃው ውስጥ በድንጋዩ እየረገጠ ይወጣዋል። የመርከቡን አስጎብኚ ትተን በወደቡ በር ካሉት ፈቃድ ካላቸው ሾፌሮች አንዱን ያዝን። ስድሳውን ያለፈ፣ ድሬዱ እስከ ወገቡ የወረደ ራስ ተፈሪያን ነው። መኪናው መስተዋት ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ተንጠልጥሏል።

ከየት ናችሁ ሲለኝ «ከዋሽንግተን አካባቢ» አልኩት። የትውልድ አገራችንን ማለቱ እንደሆነ ገባኝና «ከኢትዮጵያ» አልኩ። መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ። ዞሮ እማዬን አየ፤ ነጠላዋን፣ አንገቷ ላይ ያለውን መስቀል። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ «ኤምፕረስ» እያለ ነው የጠራት።

«ምን ይለኛል?»

«እቴጌ ነው የሚልሽ።»

«እቴጌ! ቀበሌ ተሰልፋ ዘይት ስትቀበል የኖረች እቴጌ!»

አያቱ በ1958 ሚያዝያ 13 ቀን ኪንግስተን አውሮፕላን ማረፊያ ነበሩ፤ ጃንሆይ ጃማይካን የጎበኙበት ቀን። ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወጥቶ፣ አጥሩን አልፎ አውሮፕላኑን ስለከበበው ጃንሆይ ብዙ ጊዜ ከደረጃው መውረድ አልቻሉም። ሲዘንብ የነበረው ዝናብ አውሮፕላኑ ሲታይ እንዳባራ አያቱ እስኪሞቱ ያወሩ ነበር። ራስ ተፈሪያኖች ቀኑን እስከ ዛሬ ያከብሩታል። እማዬም በተራዋ፣ ተማሪ ሳለች በገና ቤተ መንግሥት ተሰልፈው ሹራብና ብርቱካን ከጃንሆይ ስጦታ እንደደረሳት ነገረችው። ስተረጉምለት መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ ጃንሆይ አምላክ ናቸው የሚለውን ሲጀምር እማዬ «ኧረ በሥላሴ! ቅቡዕ ንጉሥ ናቸው እንጂ!» አለች። ይህን አልተረጎምኩለትም።

የምንሄድበት ወረዳ ሴንት አን ነው፤ ቦብ ማርሌ የተወለደበት ናይን ማይል መንደርም በዚሁ ወረዳ ነው። ቦብ በ1981 እ.ኤ.አ. ከመሞቱ በፊት በኛ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተብሏል። እማዬ አታውቅም ነበር። «ታዲያ ያ ሁሉ ሕዝብ ሲዘፍንለት ለምን አይነግሩንም!» አለች፤ ያን ቀን ሁለት ጊዜ «ነፍስ ይማር ብርሃነ ሥላሴ» ስትል ሰማኋት።

ልጆቹ ፏፏቴውን ወጡ፣ እኛ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ከዚያ ሾፌራችን ምሳ የት እንበላ ሲል የእማዬን ጾም ነገርኩት። ሳቀ። «ኢታል!» አለ። ራስ ተፈሪያኖች ኢታል የሚሉት ምግብ ሥጋ፣ ወተት፣ አንዳንዴም ጨው የለውም። ከመንገድ ገባ ያለ የቆርቆሮ ጎጆ ወሰደን። አንዲት ሴት በእንጨት ምድጃ ላይ ጎመን፣ ባቄላና ዱባ በኮኮናት ወተት ታበስላለች። የሚቀርበው በቅል ነው። እማዬ ቅሉን ስታይ ገልብጣ ከሥሩ አየችው፣ በጥፍሯ ኳኳችው። «የኛው ቅል እኮ ነው!»

ግን 8 ሰዓት ከሩብ ነው። ምግቡ እየሸተተ፣ ልጆቹ እየበሉ እማዬ ቅሏን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ቁጭ አለች። መርከቡ 11 ሰዓት ይነሳል፤ 10 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ይዘጋል። ሾፌሩ ለምን እንደማትበላ ሲገባው ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ በፊቷ አኖረላት፣ እሱም ማንኪያውን አስቀመጠ። ሁለቱ የማይግባቡ ሽማግሌዎች አንድ ሰዓት እያዩ ተቀመጡ። 9 ሲሆን እማዬ አማተበች፣ በሉ። ሶረል የሚሉት ለገና የሚጠጡት ቀይ መጠጥ መጣ፤ የኛው ከርከዴ ነው፣ ዝንጅብል የበዛበት።

«ሜሪ ክሪስማስ» አልኩት ለመሰናበት ብዬ።

ራሱን ነቀነቀ። የእሱ ገና ጃንዋሪ 7 ነው። ብዙ ራስ ተፈሪያኖች የኢትዮጵያን ገና ነው የሚያከብሩት። ስነግራት እማዬ ክንዱን ያዘችው። «በለው፣ ገናችን ገና ነው በለው።» አባባሉን በእንግሊዝኛ እንዴት ብዬ ላምጣው! መተርጎሙ አቃተኝና በአማርኛ እንዲለው አስተማርኩት። «ገናቺን ገና ኖ» አለ።

ስንመለስ የከተማው ዋና መንገድ ታንቋል። የገና ዋዜማ ሌሊት የሚቆመው ትልቁ ገበያ እየተዘረጋ ነው፤ ልጆች አዲስ ጫማ አድርገው ፊኛ ይዘው ይሯሯጣሉ። በር ላይ ስንደርስ 10 ሰዓት ከ20 ሆኗል። ከኋላችን የሮጡትን ባልና ሚስት ከላይ ያለው ተሳፋሪ በጭብጨባ ተቀበላቸው።

ታኅሣሥ 16፣ ረቡዕ (ዲሴምበር 25)፣ ባሕር ላይ

የፈረንጅ ገና። ጠዋት የገና አባት በመሐለኛው አዳራሽ ልጆችን በእድሜ አሰልፎ ስጦታ ሰጠ፤ የኔዋ ትንሽ የመርከብ አሻንጉሊት ደረሳት፣ ወንድሟ «አድጌያለሁ» ብሎ አልሄድ አለና ኋላ ቆጨው። የካቶሊክ ቅዳሴና የሁሉም የሚባል ጸሎት ነበር። እኛ ማታ የሠራተኞቹን መዝሙር ሰማን። ከወጥ ቤት ነጭ ልብሳቸውን ሳይለውጡ፣ ከልብስ ማጠቢያው፣ ከሞተር ክፍሉ የወጡ ልጆች፤ አብዛኞቹ ፊሊፒኖ፣ ሕንድና ኢንዶኔዥያ። ክፍላችንን የሚያሰናዳው ልጅ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቆሟል። ፊሊፒንስ ገና የሚጀመረው ከሴፕቴምበር ነው ብሎኝ ነበር፤ ያን ያህል የሚናፈቅ በዓል ባሕር ላይ ፎጣ በማጠፍ ሲያልፍ ፊቱ ምን እንደሚመስል አየሁ። አዳራሹ ሁሉ በስልክ ይቀርጻል።

እራት ሰው ሁሉ ሱፍና ቀሚስ ለብሶ መጣ። ዶሮ የሚያህል፣ ተርኪ የሚሉት ትልቅ ወፍ እግር በአጠገባችን ሲያልፍ ልጄ ጮክ ብላ «እማማ፣ የኛ ገና ሲደርስ ዶሮው ከዚህ ይበልጣል?» አለቻት። «በአሥራ ሁለት ብልት ነው የሚበልጠው» አለች እማዬ ምስሯን እየበላች።

ታኅሣሥ 17፣ ሐሙስ፣ ኮዙሜል

ሜክሲኮ። ልጆቹ በመነጽር ዓሣ አዩ፣ አደባባዩ ላይ የግርግሙ ምስል ተሠርቷል፣ ሙቀት ነው። የበቆሎ ቂጣና ባቄላ ስናዝ እማዬ «ባቄላው በምን ነው የተጠበሰው? ጠይቂልኝ» አለች። በአሳማ ሞራ። ቂጣውን በአቮካዶ በላች። ሰዓታችንን ግን ከማያሚ ጀምሮ አንዴም አልነካንም፤ በፈረንጆቹ ክረምት ሦስቱም ቦታ ሰዓቱ አንድ ዓይነት ነው።

ታኅሣሥ 18፣ ዓርብ፣ ያልደረስንበት ወደብ

ኮስታ ማያ የሚባለው ሌላ የሜክሲኮ ወደብ መውረድ ነበረብን። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያ፣ ነፋሱ ስለበረታ መርከቡን ከወደቡ ማስጠጋት እንደማይችል ነገረን። በዚህ ወቅት ከሰሜን የሚመጣ ቀዝቃዛ ነፋስ አለ፤ ወደብ መዝለል የተለመደ ነው። የሚመለሰው የወደብ ቀረጥ ብቻ ነው፤ በሰው ጥቂት ዶላር። አንድ ሰውዬ እንግዳ መቀበያው ላይ ቆሞ ይጮሃል፣ ልጅቷ ትሰማዋለች፣ ነፋሱን ያመጣችው እሷ ይመስል።

መርከቡ ይወዛወዝ ጀመር። እማዬ ተኛች፣ ዓይኗን አልገልጥ አለች። ፊሊፒኖው ልጅ አረንጓዴ ፖምና ደረቅ ብስኩት አመጣላት፤ ባሕር ላይ ሲያም መድኃኒቱ ይህ ነው አለ። «ምጽዋ የቆምኩት በየብስ ነበር» አለች ፖሙን እየላጠች። በመሐል ስለ ነገ፣ ስለ ገብርኤል፣ ስለተወሰደባት ጧፍ አነሳች። ለልጁ በሁለት ቃል ነገርኩት፤ ዝም ብሎ ነቀነቀና ሄደ።

ታኅሣሥ 19፣ ቅዳሜ፣ ቁልቢ

ባሕሩ ሌሊት ተኝቷል። 11 ሰዓት ላይ እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች። ቁልቢ አሁን ከሰዓት በኋላ ሆኗል፤ ታቦቱ ወጥቶ ገብቷል። ራስ መኮንን ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ስለት አስገቢው፣ ጃንጥላው፣ ልጅ አዝላ ከድሬዳዋ በእግሯ የወጣችው ሴት። እማዬ እኔን ከመውለዷ በፊት እዚያ ሄዳለች። ስሜ ከዚያ ነው የመጣ።

በሩን ስንከፍት መሬቱ ላይ በናፕኪን የተጠቀለለ ነገር አለ። የገና ጌጥ ላይ የሚቀመጥ፣ በባትሪ የሚሠራ የፕላስቲክ ሻማ። ከሥሩ ማብሪያ አላት። እማዬ አገላብጣ አየቻት።

«ይህማ መብራት ነው።»

«ጧፍ መስሎት እኮ ነው።»

ቀኝ እጇ ውስጥ ይዛት በላይኛው ፎቅ ወደ ምሥራቅ ዞረን ቆምን። ፎጣ ሊያነጥፍ በጠዋት የወጣ አንድ ሰው ካየን በኋላ ቀስ ብሎ ተመለሰ። ሠለስቱ ደቂቅ ከእቶን እሳት የወጡበት ቀን ነው፤ እሳት በሌለበት መርከብ ላይ እማዬ ድምፅዋን ሳታሰማ ጸለየች። ፀሐይ ስትወጣ ማብሪያውን ራሷ አጠፋችው፤ «ባትሪው እንዳያልቅ» ብላ።

ማታ ሻንጣ ከ5 ሰዓት በፊት ኮሪደር ላይ ይወጣል። የነገውን ልብስ አስቀርታችሁ አሽጉ፤ እኔ የልጄን ጫማ አሽጌ በነጠላ ጫማ ወረደ። ለልጁ ከተቆረጠው ቲፕ ሌላ በፖስታ ገንዘብ ሰጠሁት። እማዬ የቀረውን በሶ ጨመረችለት፣ እንዴት እንደሚበጠበጥ በምልክት እያሳየችው።

ታኅሣሥ 20፣ እሁድ፣ ማያሚ

መውረጃው በሻንጣ ምልክት ቀለም ነው፤ እኛ ብርቱካናማ ነበርን፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሆነ። አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ካውያዎችና ጠርሙሶች ተደርድረዋል። ደረሰኙን ሰጥተን የእማዬን ላስቲክ ተቀበልን። ሰባት ቀን ታሽጎ እጣኑ ጧፉ ውስጥ ገብቷል፤ ላስቲኩን ስትከፍተው ከኛ ኋላ የተሰለፉት ሰዎች ዞር ዞር አሉ።

በሩ ላይ የቆመችው ሠራተኛ የገና ባርኔጣዋን እንዳደረገች «ሜሪ ክሪስማስ» አለችን። እማዬ በጣቷ ቆጠረች፤ ዘጠኝ ቀን። «ገና ነው» አለቻት በአማርኛ፣ ፈገግ ብላ።